ምዕራፍ 7፦ የተራራውን ቀን አስቀድሞ ማንበብ

ከታላላቆቹ የብስክሌት ዙሮች አንዱ ወደ ተራራ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው የነገውን መንገድ የሚያሳይ ንድፍ በሁሉም እጅ ይገባል። ንድፉን ማንበብ ቀላል ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከፍታው ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይቆጠራል። የአብዛኛው ሰው ዓይን ወዲያው የሚያርፈው በቀኝ ጫፍ፣ ውድድሩ በሚያበቃበት ዳገት ላይ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ይረዝማል? ምን ያህል ቀጥ ያለ ነው? ጫፉስ ስንት ሜትር ነው? የዋዜማው ግምት ሁሉ ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣል። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ዓይናችን ያለ ቦታው እንደሚያርፍ ነው። የተራራው ቀን አሸናፊና ተሸናፊ በመጨረሻው ዳገት ላይ ይታያሉ እንጂ እዚያ አይወሰኑም። ነገሩ የሚወሰነው ቀደም ብለው በታለፉት ዳገቶች፣ በመካከላቸው ባሉት ሜዳዎችና ቁልቁለቶች፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በፊት ነው። ስለዚህ ንድፉ ከግራ ጀምሮ ሊነበብ ይገባዋል።

በመጀመሪያው ምዕራፍ እንዳየነው ጂሮ ዲ ኢታሊያ፣ ቱር ደ ፍራንስና ቩኤልታ አ ኤስፓኛ እያንዳንዳቸው 21 የውድድር ቀናት አሏቸው፤ የሁሉም ቀናት ሰዓት ተደምሮ ጥቂት ጊዜ የፈጀው ያሸንፋል። በሜዳው ቀን ከመቶ በላይ ብስክሌተኞች አንድ ላይ ገብተው እኩል ሰዓት ሊመዘገብላቸው ይችላል። በተራራው ቀን ግን በአንደኛውና በመቶኛው መካከል የሚፈጠረው ልዩነት ከግማሽ ሰዓት ሊበልጥ ይችላል። የሦስቱ ሳምንታት ውጤት በጥቂት ቀናት የሚለየው በዚህ የተነሣ ነው።

ከነፋስ ወደ ክብደት

በምዕራፍ 2 የተነገረውን ባጭሩ እናስታውስ። በሜዳ ላይ የብስክሌተኛ ዋና ባላንጣ አየር ነው። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የሚበር ሰው ከሚያወጣው ኃይል ከ10 እጅ 9 ያህሉ አየሩን ገፍቶ ለማለፍ ይውላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል 8 እጥፍ ይሆናል። ከሌላ ሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ከዚህ ድካም ሲሶ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያተርፋል። ስለዚህ በሜዳ ላይ ደካማው ከብርቱው ጋር አብሮ ይደርሳል፤ ብርቱው ነፋሱን ይሰብርለታልና።

ዳገት ሲመጣ ሒሳቡ ይገለበጣል። ዳገቱ 9 በመቶ ነው ሲባል በየ100 ሜትሩ 9 ሜትር ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። 62 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌተኛ ከብስክሌቱ፣ ከውኃውና ከልብሱ ጋር 70 ኪሎ ያህል ይሆናል። ብስክሌቱን ከዚህ በላይ ማቅለል አይቻልም፤ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ከ6.8 ኪሎ በታች አይፈቅድም። ይህን ሁሉ ይዞ 9 በመቶውን ዳገት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 390 ዋት ያህል ያስፈልጋል። ይህን ኃይል ለመገመት በየሰከንዱ 40 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ አንድ ሜትር ሽቅብ ማንሣትን ማሰብ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ 340 ዋት የሚያህለው የገዛ ክብደትን ለማንሣት ብቻ የሚሄድ ነው፤ ለአየሩ የሚሄደው 30 ዋት ገደማ ነው፤ የቀረው በጎማና በሰንሰለት ሰበቃ ይባክናል። ከሰው ጀርባ መጠለል ከዚች 30 ላይ ጥቂት ቢቀንስ እንጂ ከ340ው ላይ ቅንጣት አያነሣም። ነፋስን ሌላ ሰው ሊሰብርልህ ይችላል፤ ክብደትህን ግን ማንም አይሸከምልህም።

ባለሙያዎች ብስክሌተኛን የሚለኩት በጠቅላላ ኃይሉ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በሚያወጣው ዋት የሆነውም ለዚህ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል 400 ዋት ቢያወጡና አንዱ 62፣ ሌላው 75 ኪሎ ቢመዝኑ ሜዳ ላይ ብዙ አይለያዩም፤ ዳገት ላይ ግን ቀላሉ ሰው ጥሎ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ የመጨረሻውን ዳገት ብቻ የሚያየው ሰው ትክክል ሊመስል ይችላል። ዋቱን በኪሎ አካፍሎ ማን እንደሚቀድም መናገር ይበቃዋልና። የጎደለው ነገር ግን አለ። ያ ዋት በቀኑ መጀመሪያና በአምስተኛው ሰዓት አንድ አይደለም።

የጎተራው ሒሳብ

ሰኔ ሲገባ ገበሬ ጎተራውን ያያል፤ አይቶም ሦስት ነገር ያሰላል። ስንት ቁና ቀርቷል? በየቀኑ ስንት ይወጣል? እሸቱ መቼ ይደርሳል? ነሐሴ ላይ እህል ያለቀበት ቤት ችግሩ በነሐሴ አልተጀመረም፤ የጀመረው በመጋቢትና በሚያዝያ ያለ ልክ ሲሰፈር ነው። ነሐሴ ያደረገው ቢኖር ጉድለቱን መግለጥ ብቻ ነው። የብስክሌተኛውም ሰውነት እንዲሁ የታወቀ መጠን ያለው ጎተራ አለው።

ጡንቻና ጉበት ግላይኮጅን የሚባል፣ ከእንጀራና ከድንች ከመሰለው ምግብ የሚገኝ የስኳር ክምችት ይይዛሉ። በደንብ በልቶ ያደረ ብስክሌተኛ የሚይዘው 500 ግራም ገደማ ነው፤ በጉልበት ሲተመን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሆናል። ስብ ብዙ እጥፍ ጉልበት ቢይዝም ቀስ ብሎ ነው የሚነድደው፤ በዝግታ ሲነዳ ይረዳል፣ ዳገት ላይ በሙሉ ኃይል ሲገፋ ግን ሸክሙ ከሞላ ጎደል በስኳሩ ላይ ይወድቃል። ጡንቻ ከሚያነድደው ጉልበት ደግሞ ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሁሉንም ስናሰላ 70 ኪሎውን 1,000 ሜትር ሽቅብ ማንሣት ብቻ 690 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈጃል። 5,000 ሜትር ድምር ዳገት ባለው ቀን ለማንሣቱ ብቻ 3,400 ያህል ይሄዳል ማለት ነው፤ የሜዳው፣ የነፋሱና የብርዱ ወጪ ገና አልተደመረም።

ከጎተራው የሚወጣው ከያዘው ስለሚበልጥ ብስክሌተኛው እየነዳ መብላት አለበት። እዚህ ላይ ግን አንጀት ልክ ያበጅለታል። በዘመናችን የሠለጠነ ብስክሌተኛ በሰዓት 100 ግራም ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ስኳር ይወስዳል፤ ይህ 400 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። በሙሉ ኃይል ዳገት ሲወጣ ግን በሰዓት 1,300 ያህል ይወጣል። 400 እየገባ 1,300 የሚወጣበት ጎተራ፣ ከ2,000 ቢጀምር፣ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። የተራራው ቀን የሚፈጀው አምስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ማንም፣ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ ቀኑን ሙሉ በሙሉ ኃይሉ መንዳት አይችልም፤ የውድድሩ ጥበብ መቼ እንደሚሰፍርና መቼ እንደሚቆጥብ ማወቅ ላይ ነው። የባላጋራም ጥበብ እዚሁ ላይ ነው፤ መጨረሻው ሳይደርስ ሌላው ሰው ያለ ልክ እንዲሰፍር ማስገደድ።

ግራኖን፣ ሎዝና ኪጋሊ

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 2022 የቱር ደ ፍራንስ 11ኛ ቀን ከአልበርቪል ተነሥቶ በጋሊብዬ በኩል አልፎ በግራኖን ጫፍ ያበቃ ነበር። ግራኖን 11.3 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ በአማካይ 9.2 በመቶ ይወጣል፣ ጫፉም 2,413 ሜትር ላይ ነው። የዋዜማው ዓይን ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። የውድድሩ መሪ ምልክት የሆነውን ቢጫ ማሊያ የለበሰው ስሎቬንያዊው ታዴ ፖጋቻር ያለፉትን ሁለት ዓመታት ያሸነፈ፣ በኪሎ ሲሰላ በዘመኑ ከሁሉ ከፍተኛ ዋት ከሚያወጡት አንዱ ነበር። በመጨረሻው ዳገት ሒሳብ ብቻ ከሄድን የሚረታበት ምክንያት አልነበረም። ሆኖም ግራኖን ላይ ዴንማርካዊው ዮናስ ቪንገጎር ጥሎት ሄደ፤ በአንድ ቀን 2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ከስሮ ማሊያውን አጣ።

ምክንያቱን ለማግኘት ንድፉን ወደ ግራ መመለስ ያስፈልጋል። የቪንገጎር ቡድን ገና በጋሊብዬ አካባቢ፣ ውድድሩ ብዙ ሲቀረው፣ እየተፈራረቀ ማጥቃት ጀመረ። አንዱ ሲወጣ ፖጋቻር ይከተላል፤ እሱን ሲይዝ ሌላው ይወጣል። ፖጋቻር ለእያንዳንዱ በራሱ እግር መልስ ሰጠ፤ ጋሊብዬ ላይ ሲታይ ያሸነፈም መሰለ። በእርግጥ ግን ከጎተራው ያለ ልክ እየተሰፈረ ነበር። ግራኖን ነሐሴ ሆኖ ጉድለቱን ገለጠ እንጂ ጉድለቱ የተፈጠረው ሰዓታት ቀደም ብሎ ነው።

በ2023 ደግሞ ጉድለቱ የተፈጠረው ከሳምንታት በፊት ነበር። በ17ኛው ቀን፣ 2,304 ሜትር ከፍታ ወዳለው የሎዝ ዳገት ሲወጡ፣ ፖጋቻር ከቪንገጎር በ5 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀረ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ በቤልጅየም ወድቆ የእጁን አንጓ ሰብሮ ስለነበር ለቱሩ የሚደረገውን ረጅም ዝግጅት በሙሉ ማድረግ አልቻለም። ውድድሩ በገባ በሁለቱ ሳምንታት ይህ ጉድለት እምብዛም አልታየም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከ5,000 ሜትር በላይ ሽቅብ በሚወጣበት ቀን ግን ሊሸፈን የሚችል አልሆነም።

ሦስተኛው ማስረጃ ከአፍሪካ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ሐሳቡን የሚያጠራውም እሱ ነው። በ2025 የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ተካሄደ። የወንዶቹ ዋና ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ነበር። በመንገዱ ላይ የአልፕስን ዳገቶች የሚያህል አንድም ረጅም ዳገት አልነበረም፤ የከተማዪቱ አጫጭር ዳገቶች እየተደጋገሙ ተደምረው ግን ወደ 5,500 ሜትር ተጠጉ። ከ160 በላይ ሰዎች ከጀመሩት ውድድር የጨረሱት 30 ብቻ ናቸው። ያሸነፈው ፖጋቻር ሲሆን ማጥቃት የጀመረው ከመጨረሻው 100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀረው ነው። ጭካኔ ከአንድ ጫፍ ከፍታ የሚመጣ ቢሆን ኪጋሊ ቀላል ቀን መሆን ነበረባት። ከድምርና ከቅደም ተከተል የሚመጣ በመሆኑ ግን ከከባዶቹ አንዷ ሆነች።

ከሊማሊሞ እስከ መካነ ብርሃን

ቅደም ተከተል ይህን ያህል ከወሰነ፣ ቀጭን አየር ሲጨመርበት ምን ይሆናል? ይህን ለማየት ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። ታላላቆቹ ዙሮች ረግጠውት በማያውቁት በሰሜን ጎንደር አንድ የተራራ ቀን በሐሳብ እንሥራ። መነሻው ዛሪማ ይሁን። ከዚያ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆረጠውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ይዞ ደባርቅ ይወጣል፤ ይህ ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ከደባርቅ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አልፎ በሳንቃ በርና በጨነቅ ወደ ቧሂት በር ይዘልቃል፤ ከዚያም ወደ ጃናሞራ ወርዶ መካነ ብርሃን ላይ ያበቃል። በሐሳብ መቅረቱ ለፓርኩም ይበጃል። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 የወጣው ይህ ፓርክ የሚያስፈልገው ከመንገዱ ላይ ጫና መቀነስ እንጂ መጨመር አይደለም።

ከፍታዎቹን እናነጻጽር። ቱር ደ ፍራንስ በታሪኩ ከወጣባቸው መንገዶች ከፍተኛው በደቡብ አልፕስ የሚገኘው የቦኔት መንገድ ሲሆን 2,802 ሜትር ነው። ደባርቅ ከተማ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱር ደ ፍራንስ ጫፍ የሚለውን ነገር እዚህ በከተማ ውስጥ አልፈውት ይሄዳሉ። ከዚያ ሳንቃ በር 3,250፣ ጨነቅ 3,620፣ የቧሂት በርም 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ይጠብቃሉ። በቧሂት በር ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 60 በመቶ ያህል ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አልተለወጠም፤ አየሩ ራሱ ስለሳሳ ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። በምዕራፍ 5 እንዳየነው ጡንቻ ለረጅም ጊዜ የሚያወጣው ኃይል ደም በሚያደርስለት ኦክስጅን የተወሰነ ነው። ከቆላ የመጣና ያልተላመደ ሰው በዚህ ከፍታ የኃይሉን ሩብ ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ያጣል። ታች 400 ዋት የሚያወጣው እግር፣ ላይ ሲደርስ 300 ያወጣል፤ የሚያነሣው 70 ኪሎ ግን አንድ ግራም አልቀነሰም።

የሳሳ አየር ለመግፋትም ይቀላል አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ በሜዳ ላይ ቢሆን ትርፉ ትልቅ ነበር። ዳገት ላይ ግን አየሩ የሚወስደው ከ390 ዋት ውስጥ 30ውን ብቻ መሆኑን አይተናል፤ ከ30 ላይ የሚተርፈው የጠፋውን 100 ዋት አያካክስም።

እንግዲህ ይህ ቀን የት ይወሰናል? ዋዜማው ላይ ሁሉም ቧሂት ይላል። በምዕራፉ ሐሳብ ከሄድን ግን መልሱ ሊማሊሞና ከደባርቅ እስከ ሳንቃ በር ያለው ደጋ ነው። ሊማሊሞ የሚጀምረው ዝቅ ካለ ሞቃት ቦታ ነው፤ አየሩ ወፍራም፣ እግሩም ትኩስ ስለሆነ ብርቱ ቡድን ያለ ሥጋት ሊያስጨንቅበት ይችላል። ደባርቅ ሲደርስ ጎተራው የጎደለበት ሰው መሙላት የሚችለው ቀጥሎ ባለው፣ ዳገቱ በሚለዝብበት መንገድ ላይ ነው። ችግሩ ያ መንገድ ራሱ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ መሆኑ ነው፤ በከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰውም ማኘክ ይከብደዋል። ስለዚህ በሊማሊሞ የወጣው አይተካም። ቧሂት ላይ ሰዎች አንድ በአንድ ሲንጠባጠቡ ብናይ፣ የምናየው ዛሪማ ላይ የተጀመረውን ነገር ፍጻሜ ነው።

ደጋ መወለድ ይበቃልን?

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ጃናሞራ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህ ሁሉ ሒሳብ አይመለከተውም፤ ከፍታው ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ወሳኙ ትውልድ እንጂ ቅደም ተከተል አይደለም ሊባል ይችላል። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በዚሁ ፓርክ ውስጥ፣ አምባራስ ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን በደማቸው አብዝተው ከፍታውን ይቋቋማሉ፤ በቲቤት ነዋሪዎች ደም ውስጥ ደግሞ ያለው ኦክስጅን ዝቅ ያለ ሆኖ ይገኛል። የአምባራስ ሰዎች ግን በሁለቱም መለኪያ በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም አልተለዩም። ያን ያህል ከፍታ ላይ እየኖሩ ደማቸው ከፍታውን የማያውቅ መሰለ።

ይህ ግን የሚያሳየው የቱን ነው? ጥናቱ የተካሄደው ዕረፍት ላይ ባሉ ሰዎች እንጂ ዳገት በሚገፉ ብስክሌተኞች ላይ አይደለም። ደግሞም ደገኛ ከፍታ ላይ የሚያጣው ያነሰ ነው ማለት ከመጀመሪያው ያለው ይበልጣል ማለት አይደለም። ኮሎምቢያዊው ኤጋን በርናል ከ2,600 ሜትር በላይ ከምትገኘው ዚፓኪራ ወጥቶ የ2019ን ቱር ሲያሸንፍ ቢጫውን ማሊያ የወሰደው 2,764 ሜትር ባለው በኢዝራን ዳገት ላይ ነው፤ ከፍታ እንደጠቀመው መገመት ይቻላል። የኤርትራ ደጋ ግን ሁለት ዓይነት ሰው አውጥቷል። ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015 የዳገት ተፎካካሪዎች ምልክት የሆነውን ባለ ቀይ ነጠብጣብ ማሊያ በቱር ደ ፍራንስ የለበሰ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ቢንያም ግርማይ በ2024 ሦስት ቀናት አሸንፎ የነጥብ ተፎካካሪዎች ምልክት የሆነውን አረንጓዴ ማሊያ ሲወስድ ግን ያሸነፈበት የመጨረሻ መቶ ሜትሮች ፍጥነት ነው እንጂ ዳገት አይደለም። አንድ ከፍታ ሁለት የተለያዩ ጡንቻዎችን ካሳደገ፣ ከፍታው ዕጣን አይወስንም ማለት ነው።

የኢትዮጵያም ነገር ይህንኑ ይመሰክራል። አገሪቱ በመጀመሪያው ኦሊምፒኳ፣ በ1956 በሜልቦርን፣ ብስክሌተኞች አሰልፋ ነበር። በቱር ደ ፍራንስ ግን የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ለማየት 60 ዓመት አለፈ፤ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ተሰለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የአገሪቱ ሯጮች ዓለምን ይመሩ ነበር፤ ከፍታውም ያው ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው ብስክሌት ውድ መሆኑ፣ የረጅም ቀናት ውድድር በአገር ውስጥ እምብዛም አለመኖሩ፣ በጭፍራ መካከል መንዳት ደግሞ በውድድር ብቻ የሚገኝ ዕውቀት መሆኑ ነው። ደጋ ጎተራውን ሰፊ ሊያደርገው ይችላል፤ መቼ እንደሚሰፈር ግን አያስተምርም።

ሁሉ ከታወቀ ውድድሩ ለምን?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን የሚመጣ ነው። ሒሳቡ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ውጤቱ በዋዜማው መታወቅ ነበረበት፤ እንዲያውም ሐሳቡን የሚያፈርስ ማስረጃ አለ ይላል። በሐምሌ 2024 ቱር ደ ፍራንስ በፒሬኔ ተራሮች ወደ ፕላቶ ደ ቤይ የወጣው ረጅምና ተደራራቢ ዳገቶች ካሉበት፣ 198 ኪሎ ሜትር ከሚያህል ቀን በኋላ ነው። ጎተራዎች ሁሉ መጉደል በነበረባቸው ሰዓት ፖጋቻር ዳገቱን በ40 ደቂቃ ገደማ ወጣ፤ ማርኮ ፓንታኒ በ1998 ያስመዘገበውን ሰዓት ከ3 ደቂቃ በላይ አሻሻለ። ከኋላው የገባው ቪንገጎርም ከፓንታኒ ፈጥኗል። የቀደሙት ዳገቶች ያደክማሉ ከተባለ ይህ እንዴት ሆነ?

ማስረጃው ሐሳቡን ያርማል እንጂ አያፈርሰውም። ከፓንታኒ ዘመን ወዲህ ከተለወጡት ነገሮች አንዱ ወደ ጎተራው የሚገባው መጠን ነው። አንጀት ራሱ በልምምድ ብዙ ስኳር እንዲያሳልፍ ይሠለጥናል፤ የግሉኮስና የፍሩክቶስ ቅይጥ በሁለት የተለያዩ በሮች ስለሚገባ በሰዓት የሚገባው ጨምሯል። ብስክሌቱ፣ ጎማውና አስፋልቱም ተሻሽለዋል። ይሁን እንጂ ለዚያ ቀን ውጤት የሚያስፈልገው ከ26 ዓመት በፊት የነበረ ሰዓት አይደለም፤ የዚያን ቀን የሁለቱ ሰዎች ልዩነት ነው። ቀኑን ሙሉ ግፊቱን ያከበደው የቪንገጎር ቡድን ነበር፤ የፈለገው ፖጋቻርን እንደ ግራኖኑ ማጉደል ነው። ፖጋቻር በዚህ ጊዜ በእያንዳንዱ እርምጃ ራሱን አላደከመም፤ ተከተለ፣ በላ፣ ጠበቀ። በመጨረሻው 1 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ግራኖንና ፕላቶ ደ ቤይ ሲነጻጸሩ ሰውየው አንድ ነው፤ የተለየው አሰፋፈሩ ነው።

ሒሳቡ የማይደርስበት ነገር ግን አለ፤ እሱም የአየር ጠባይ ነው። በሰኔ 1988 ጂሮ ዲ ኢታሊያ የጋቪያን ተራራ በበረዶ መካከል ተሻገረ። ጫፉን ቀድሞ ያለፈው ሆላንዳዊው ዮሐን ፋን ደር ፌልደ በቁልቁለቱ ብርድ ተሸንፎ ከ40 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። በ2019 በርናል ኢዝራን ላይ ቀድሞ ካለፈ በኋላ በረዶና ናዳ መንገዱን ስለዘጉት ውድድሩ ቆሞ ሰዓቱ በዳገቱ ጫፍ ተወሰደ፤ በንድፉ ላይ የተሳለው የመጨረሻ ዳገት ጨርሶ አልተነዳም። እነዚህ አጋጣሚዎች ትንበያን ትሑት ያደርጉታል። ግን ልብ እንበል፤ በኢዝራን መጨረሻውን የጠበቀ ሰው መጨረሻውን አላገኘም።

ከኋላ ያሉት ያውቁታል

ስለ አሸናፊዎች ብቻ ካሰብን አንድ ትልቅ ማስረጃ ያመልጠናል። በተራራው ቀን ከሚነዱት አብዛኞቹ የማሸነፍ ሐሳብ የላቸውም፤ ሥራቸው ለመሪያቸው ነፋስ መስበር፣ ውኃና ምግብ ማመላለስ፣ ከዚያም በሰላም መግባት ነው። በ2016ቱ ቱር የጽጋቡ ቡድን መሪ ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊስ ሜንቲስ ነበር፤ በጠቅላላ ውጤት 8ኛ ወጣ። እንዲህ ያለ ውጤት የረዳቶች ድካም ያለበት ነው። ረዳቱ ግን የራሱ ባላጋራ አለው፤ እሱም የሰዓት ገደብ ነው። ገደቡ በአሸናፊው ሰዓት ላይ በመቶኛ ይጨመራል። አሸናፊው 5 ሰዓት ቢፈጅና ጭማሪው 15 በመቶ ቢሆን፣ ከ45 ደቂቃ በላይ የዘገየ ሰው በማግስቱ አይነሣም። ስለዚህ በሜዳ ፍጥነት የሚያሸንፉ ብስክሌተኞች፣ ከባድ ሰዎችና ሥራቸውን የጨረሱ ረዳቶች ከኋላ አንድ ላይ ተሰብስበው በስሌት ይነዳሉ፤ በዳገቱ ስንት እንደሚያጡ፣ በቁልቁለቱና በሜዳው ተባብረው ስንት እንደሚመልሱ እየቆጠሩ ይሄዳሉ። የመጨረሻውን ዳገት ብቻ የሚፈራ ሰው ከዚህ ቡድን ጋር አይደርስም። የሚያድነው በመጀመሪያው ዳገት ላይ የወሰደው ውሳኔ ነው፤ ማንን መከተል ትቶ ማንን እንደሚጠብቅ።

እንግዲህ በሚቀጥለው የተራራ ቀን ዋዜማ ንድፉ ሲወጣ ከግራ መጀመር ያሻል። ድምር ዳገቱ ስንት ሺህ ሜትር ነው? ከመጨረሻው በፊት ያለው ዳገት ከጫፉ እስከ መጨረሻው ዳገት እግር ለመብላት የሚበቃ መንገድ ይተዋል ወይስ ወዲያው ያያይዛል? ያ መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ወይስ በታች? ማጥቃት የሚጠቅመው ቡድን በዚያ ቦታ ስንት ሰው ይቀርለታል? መሪው ባለፉት ቀናት ስንት ጊዜ በራሱ እግር መልስ ሰጥቷል? እነዚህን የጠየቀ ሰው አሸናፊውን ሁልጊዜ በስም አይጠራም፤ ውድድሩ የሚሰበርበትን ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ያውቃል። ከጥያቄዎቹ መካከል አራተኛው፣ ማለትም ቡድን ስንት ሰው ይቀርለታል የሚለው፣ ከሰውነት ሒሳብ ወደ ሰዎች ስምምነት ያሸጋግረናል። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ዳገት ላይ ራሱን አድክሞ ለሌላው የሚወድቅ ሰው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ምዕራፍ 8 ይመልሳል።